ባዶ መስመሮችን ደብቅ

የሄድኩ ዕለት ሻንጣዬን የመዘነልኝ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ሽንኩርት የሚሸጠው ከድር ነው። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ነበር፤ መንገዱ በታክሲ ተጨናንቋል፣ ረዳቶቹ ይጮኻሉ፣ እኔ ደግሞ እንደማንኛችሁም ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ በሶውን ጠቅጥቄ ሻንጣው አልዘጋ ብሎኛል። ከድር በሽንኩርቱ ሚዛን ላይ አንጠልጥሎ አየና «ሦስት ኪሎ ትርፍ አለሽ» አለኝ። እዚያው አስፋልት ዳር ከፍቼ የቱን ላውጣ የቱን ላስቀር ስል አባዬን አየሁት። በእህቴ በሕይወት ትከሻ ተደግፎ፣ ደረጃውን በእግሩ እየዳበሰ፣ ከአራተኛ ፎቅ ወርዷል። ዓይኑን ግላኮማ ከያዘው ወዲህ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው የሚያየው፤ ከቤት ከወጣ ወራት ሆኖታል። በብብቱ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል።

«ከድር፣ ይቺንም መዝንልኝማ» አለው።

ሁለት ኪሎ ተኩል ሆነች።

«በሶውን አውጪው» አለኝ አባዬ። «በሶ የትም አለ።»

በሶ የትም አለመኖሩን ያወቅኩት ላይፕዚግ ከገባሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን አወጣሁትና ለከድር ሰጠሁት፤ ሽሮውም ተከተለ፤ በቦታቸው ወረቀቱ ገባ። አባዬ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ፣ በዚያች በቀረችለት ጠባብ ቀዳዳ ለማየት ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ «በማሽን ጻፊልኝ፣ በትልቁ፣ በደንቡ። ዓይኔ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ልየው» አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ለማለት ምን ይቸግራል! ታክሲው ሲነሳ ዞሬ አየሁ፤ እጁን የሚያውለበልበው ወደ ሌላ መኪና ነበር።

አባቴ ኖታ ገልባጭ ነበር። አንድ ትልቅ ባንድ ውስጥ ተቀጥሮ፣ ዕድሜውን ሙሉ የትራምፔቱን ለትራምፔት፣ የሳክስፎኑን ለሳክስፎን፣ ለእያንዳንዱ ሰው ድርሻውን በእጁ እየገለበጠ ሲያድል ኖሯል። ልጅ ሆኜ አስተማሪዬ የአባቴን ሥራ ሲጠይቀኝ «ገልባጭ ነው» አልኩና ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ፤ አሸዋ የሚገለብጠው መኪና መስሏቸዋል። ለሳምንታት «ሲኖትራክ» ስባል ከረምኩ። ለአባዬ እያለቀስኩ ብነግረው እሱም ሳቀ።

ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ኖታ የሚጻፍባቸውን አምስት ጭረቶች አንድ ላይ «መስመር» እንላቸዋለን፤ ለአንድ ተጫዋች አንድ መስመር፤ መስመሩ በቋሚ ጭረት ሲከፋፈል እያንዳንዷን ክፍል «ባር» እንላታለን። ገጽ የሚያልቀው ተጫዋቹ በሚያርፍበት ቦታ ላይ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ በምን እጁ ይገልጣል? «ሰው ያለው ሁለት እጅ ነው» ይላል አባዬ። ዕረፍትም በቦታው ይጻፋል፣ ዝም የሚለው ሰው መቼ ዝም እንደሚል ማወቅ አለበት። ኋላ ሥራው ወደ ኮምፒዩተር ሲዞር ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የኖታ ሶፍትዌሩን ለመድኩ፤ ለመዘምራን፣ ለትምህርት ቤቶች፣ አንዳንዴም ለሠርግ ባንዶች እጽፍ ነበር። ጥሩ እጅ አለሽ ይሉኛል። በኮምፒዩተር ማውስ ለሚሠራ ሥራ እጅ ማለት ምን እንደሆነ እንጃ።

ጀርመን የገባሁት ግን በኖታ አይደለም። አረጋውያንን መንከባከብ ልማር ነው፤ አውስቢልዱንግ ይሉታል፣ እየሠሩ መማር። ስንቶቻችሁ በዚሁ መንገድ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ወር መኖሪያ ፈቃድ ላወጣ ቢሮ ቀረብኩ፤ ሴትዮዋ ቅጽ ትሞላለች።

«የአባትዎ ሥራ?»

እኔም በዚያች ለፈተና ባጠናኋት ጀርመንኛ «ኖተን ይጽፋል» አልኳት። ኖታን ኖተን ነው የሚሉት። ለካ የተማሪ ውጤትንም ኖተን ይሉታል።

«መምህር ናቸው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለማነው ኖተን የሚጽፉት?»

«ለትራምፔት፣ ለሳክስፎን፣ ለትሮምቦን።»

ሴትዮዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «ያልፋሉ?» አለችኝ። ስትቀልድ ይሁን እስካሁን አላወቅኩም። ለማንኛውም መምህር ብላ ጻፈች፣ አባዬም ሳያውቀው በላይፕዚግ መምህር ሆኖ ተመዘገበ።

ቤት አከራዬ ፍራው ክላይን፣ ወይዘሮ ክላይን እንደማለት ነው፣ ደግሞ ሌላ ናት። ሩሄጻይት የሚባል የጸጥታ ሰዓት አላት፤ በእኛ አቆጣጠር ከሰባት እስከ ዘጠኝ። በዚያ ሰዓት ልብስ ማጠቢያ አይነካም፣ ሚስማር አይመታም፣ ጫማ አድርጎ መሄድም ያስጠይቃል።

«ሙዚቃ ትሠሪያለሽ አሉኝ» አለችኝ አንድ ቀን በሩን ይዛ።

«አልጫወትም፣ እጽፋለሁ ብቻ።»

«ሲጻፍ ድምፅ አለው?»

«የለውም።»

«ጮክ ተብሎ በሚነፋበት ቦታ እንኳን?»

ጸጥታ በሕግ የታዘዘበት አገር ነው እንግዲህ። አውቶቡሱ ውስጥ ሰው አይነጋገርም፣ ጎረቤት አያንኳኳም፣ ዝናቡ እንኳን እንደኛ ቆርቆሮ ላይ አይደበድብም፣ ሹክ እያለ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ዳቦው ጎምዛዛ ነው፤ መጀመሪያ ስቀምሰው «እንግዲህ እንጀራም ጎምዛዛ ነው» ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። አልተታለልኩም። የተጠቀለለው ወረቀት አልጋዬ ሥር ነበር፤ ጠዋት አዛውንት አጥባለሁ፣ ከሰዓት እማራለሁ፣ ስመለስ አየውና «እሑድ» እለዋለሁ። ስንት እሑድ እንዳለፈ አትጠይቁኝ።

ያነሳሳኝ ሄር ብራንት ነው፤ ሄር እንደኛ አቶ ማለት ነው። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት የሚኖር፣ ለሰው ሰላምታ የማይሰጥ፣ ሾርባ በቀዘቀዘ ቁጥር የሚራገም ሽማግሌ ነው። አንድ ቀን ጥፍሩን ስቆርጥለት የቀኝ እጁ አውራ ጣት ለምን እንደተጣመመ ጠየቅኩት። «ኖተን» አለኝ። እኔም እንደ ቢሮዋ ሴትዮ «መምህር ነበሩ?» አልኩት። ተቆጣ። ለካ ይህች ከተማ በአንድ ወቅት ለዓለም ኖታ ታትም ነበር፤ እሱም ለስላሳ ብረት ላይ በመዶሻና በማኅተም፣ እያንዳንዷን ኖታ እየመታ፣ ያውም እንደ መስታወት ግልብጥ አድርጎ፣ የሚቀርጽ ሰው ነበር። የኔ አባት ገልባጭ፣ እሱ ደግሞ ገልብጦ ቀራጭ። ሳቅኩ፣ ላስረዳው ግን ቋንቋዬ አልደረሰም።

በማግስቱ የአባዬን ወረቀት አመጣሁለት። አባዬ ሌላውን ሁሉ የሰው ዜማ ነው የገለበጠው፤ ይህ ግን የራሱ ነው፣ አንድ ብቻውን፣ በወጣትነቱ ለባንዱ የጻፈው። ባንዱ ሲበተን የየሰው ድርሻዎቹ ጠፍተው የሁሉም መስመር አንድ ላይ የተደረደረበት ሙሉው ብቻ በእጁ ቀረ። ሄር ብራንት ገጹን ወደ መስኮቱ ይዞ ረጅም ጊዜ አየው። «ይህ ሰው እጅ አለው» አለ። እንባዬ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ አጠገቡ ላፕቶፔን ከፍቼ እቀመጣለሁ፣ እሱ ደግሞ በተጣመመ ጣቱ እየጠቆመ «ይህ ጠበበ፣ ያኛው ተንጋደደ፣ ይህ ኖታዎቹን የሚያያይዘው ቅስት እንደ ሞተ ትል ተኝቷል» ይለኛል።

ሁለት ነገር አስቸገረን፤ የኔ በደል ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

አንደኛው፣ አባዬ ለተጫዋቾቹ ማሳሰቢያ የሚጽፈው በአማርኛ ነው። «ቀስ»፣ «አሁን ተንፍስ»፣ «አትጩህ»። ሶፍትዌሩ የያዘው ፊደል አማርኛ አያውቅም፤ ስጽፍ ሁሉም ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ፊደል ከመፈለግ ተርጉሜ በጀርመንኛ አስገባሁት፣ ሄር ብራንትም እንዲያነበው። አርባ አንደኛው ባር ላይ ሁሉም ተጫዋች ይቆማል፣ ከላይ ደግሞ አባዬ በቀይ እርሳስ «ተስፋዬን ጠብቅ» ብሎ ጽፏል። ደነገጥኩ። አባቴ ስለ ተስፋ የሚያወራ ሰው አይደለም። ወጣት ሆኖ ምን አስቦ ይሆን ብዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር በልቡ ይዞ እኛን ኖታ ብቻ ሲያስተምረን ኖረ ብዬ፣ ያገኘሁትን ያማረ ቃል መርጬ «ተስፋዬን ጠብቅልኝ፣ እንዳይጠፋ» የሚል ትርጉም አስገባሁ። ሄር ብራንት አነበበውና መነጽሩን አወለቀ። «እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ በሕይወቴ አልቀረጽኩም» አለኝ።

ሁለተኛው፣ ከገጹ አናት አንድ መስመር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባዶ ነው። ስም የለውም፣ ኖታ የለውም። አባዬ ሊጨምርበት አስቦ የተወው መሰለኝ። ሄር ብራንትን ጠየቅኩት። «ባዶ መስመር ወረቀት ይበላል» አለ። «በኛ ቤት አይቀረጽም።» ሶፍትዌሩም ለዚሁ የተዘጋጀ ትእዛዝ አለው፤ «ባዶ መስመሮችን ደብቅ» የምትል ትንሽ ሳጥን። ነካኋት፤ መስመሩ ከየገጹ ጠፋ፣ የቀረው ተስተካክሎ ተቀመጠ፣ ገጹም አማረ።

ድምፁን ከኮምፒዩተሩ አውጥቼ በቴሌግራም ላክሁለት። ደወልኩ።

«ማነው የሚጫወተው?» አለኝ።

«ኮምፒዩተሩ ነው አባዬ።»

«ይተነፍሳል?»

«አይተነፍስም።»

«ያስታውቃል» አለ። «ወረቀቱን ላኪልኝ፣ ወረቀቱን።»

ወረቀቱን ላክሁ። ሕይወት እዚያው ድሮ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ በትልቁ አሳተመችው። ዓይኑ በጣም ጠቦ ነበር፤ ጠዋት ፀሐይ በረንዳው ላይ ስትወጣ ብቻ ነው ትንሽ የሚለይ። ሦስት ጠዋት በማጉያ መነጽር ተደፍቶ አየው። በሦስተኛው ቀን እሱ ራሱ ደወለልኝ። አባዬ ራሱ ደውሎልኝ አያውቅም።

«ተስፋዬ የት ሄደ?» አለኝ።

«አለ አባዬ፣ አርባ አንደኛው ባር ላይ። አማርኛው እምቢ ብሎኝ በጀርመንኛ ተርጉሜው ነው።»

«ምን ብለሽ ተረጎምሽው?»

ነገርኩት። ከዚያ ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ፣ ከሳሉ በኋላ ያለው ድምፅ ሳቅ አልነበረም።

«ሰውየውን እኮ ነው የምልሽ፣ ራሔል። ተስፋዬን። ክላርኔቱን።»

ተስፋዬ የሚባል ሰው ስም በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። በዚያ ስልክ ነው የሰማሁት። እሱና አባዬ ጠመንጃ ያዥ ግድግዳ ለግድግዳ ይኖሩ ነበር፣ አንድ ባንድ፣ አንድ ዕድሜ። ተስፋዬ የተጻፈ መጫወት አይወድም፤ «አንተ መስመሩን ተውልኝ፣ እኔ እሞላዋለሁ» ይለው ነበር። አባዬም ዜማውን ሲጽፍ ከሁሉም በላይ አንድ መስመር ባዶ ተወለት፣ አርባ አንደኛው ባር ላይ ደግሞ ተስፋዬ ብቻውን ልቡ የፈቀደውን ያህል ስለሚነፋ ሌሎቹ ቆመው እንዲጠብቁት ማሳሰቢያ ጻፈ። ጥቂት ጊዜ ተጫወቱት። ከዚያ ተስፋዬ በመተማ በኩል ወጣ። «ቦታዬን እንዳትሰጥብኝ» ብሎት ነው የሄደው። ደብዳቤ አልመጣም፣ ስልክ አልመጣም፣ ሞተም ያለ የለም።

«ለሳክስፎኑ ስጠው አሉኝ» አለ አባዬ። «አልሰጠሁም። ቆርጠህ አውጣው አሉኝ፣ አላወጣሁም። እዚያ ስንደርስ ሁላችንም ቆመን፣ ትንሽ ጠብቀን፣ እንቀጥላለን። ባንዱ እስኪበተን እንደዚያ ነው የተጫወትነው። ሰዉ ስህተት ይመስለው ነበር።» ቀጠለና «ሦስት ቀን ፈለግኩት። ዓይኔ ነው ብዬ፣ ዓይኔ ነው ያላየው ብዬ» አለኝ።

አባቴ ያቺን የቀረችውን ብርሃን እኔ የደበቅኩትን ሲፈልግ ጨረሳት።

አሁን ደግሞ ስሙኝ፣ ሌላም በደል አለኝ። ያቺን ሳጥን መልሶ መንካት የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው። በዚያው ዕለት መላክ እችል ነበር። ነካኋት፤ ባዶው መስመር በየገጹ አናት ተመልሶ ሲገባ ግን የታችኛው ሁሉ ተጨናነቀ፣ ቅስቱ ከቅስት ተጋጨ፣ ገጽ የሚገለጥበት ቦታ ተዛባ። እንዲህ ሆኖ ለአባዬ? ኖታ በጥድፊያ አይሰጥም ያለኝ እሱ አይደል? ቆንጆ ይሁን ብዬ፣ ለመጨረሻ የሚያየው ነው ብዬ፣ ከሥራ እየተመለስኩ አንድ በአንድ አስተካከልኩት። የአማርኛውን ፊደል ፈልጌ አገኘሁና «ተስፋዬን ጠብቅ» በአማርኛ ገባ። ከባዶው መስመር ፊት «ክላርኔት፣ ተስፋዬ» ብዬ ጻፍኩ። ሄር ብራንትን ነገርኩት፤ «ወረቀት ይብላ» አለኝ። ሁለት ሳምንት ተኩል ፈጀብኝ። ሕይወት አሳትማ ይዛ ስትገባ አባዬ በረንዳው ላይ ፀሐይ ወጥታበት ተቀምጦ «መሸ እንዴ?» አላት።

አባዬ ጋ ልሂድ ብዬ ቢሮ ገባሁ። ፈቃዴ እየታደሰ ስለነበር ሴትዮዋ ጊዜያዊ ወረቀት ሰጠችኝ፣ ስሙ ፊክሺዮን ይላል። መዝገበ ቃላት ላይ ፈለግኩት፤ ልብ ወለድ ማለት ነው። በዚህ ወረቀት ወጥቼ መመለስ እችል እንደሆነ ጠየቅኳት።

«መውጣት ይችላሉ» አለችኝ። «መመለሱን ግን አልመክርዎትም።»

«አባቴ ታሟል።»

«መምህሩ?» አለች ፋይሉን እያየች። አዘነችልኝ፣ ከልቧ ነው። ማኅተም ግን የላትም።

የዚያን ቀን ደወልኩ። ሕይወት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው። በመስኮቱ በኩል የታክሲ ረዳቱ ሲጣራ ይሰማኛል፣ ከድርም ከታች ከሰው ይከራከራል። ሕይወት የአባዬን ጣት ይዛ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች።

«ይኸው አባዬ፣ ይቺ ናት የተስፋዬ» ስትለው ሰማኋት።

ጣቱ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል፤ ገጽ ገለጡ፣ ደግሞ ሄደ።

«ባዶ ነው?» አለኝ።

«ባዶ ነው አባዬ፣ እስከ መጨረሻው።»

«አልሞላሽውም?»

«አልሞላሁትም።»

«ጎሽ» አለ። ቀጠለና «አንቺስ መቼ ነው የምትመጪ?» አለኝ።

ስለ ፊክሺዮን ልነግረው አሰብኩ፣ ያስቀው ይሆናል ብዬ። አፌ ግን ያወጣው «ወረቀቴ ሲያልቅ» የሚለውን ነው። መቼ እንደሚያልቅ አልጠየቀኝም።

«ሕይወት» አለ፣ «እርሳስና ማስመሪያ አምጪ። ከተስፋዬ ሥር ቦታ አለ?»

«ጠባብ ናት።»

«ትበቃለች። አስምሪ።»

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲጎተት በስልክ ሰማሁት። አንድ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለት። ሕይወት ኖታ አልተማረችም፣ እጇ ቀስ ይላል። ሦስት። አራት። አምስት።

«ከፊቱ የእህትሽን ስም ጻፊ» አላት አባዬ።